ወይዘሮ የምትባለው በሽተኛ

ካዛንቺስ፣ የምሠራበት ክሊኒክ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ በሯ «ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው» የሚል አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። ለጽዳት በተቀጠርኩ ሰሞን ቁልፍ ተሰጥቶኝ ስከፍታት ቅዝቃዜው ፊቴን መታኝ። ውጪው የኅዳር ፀሐይ ነው፣ ውስጡ እንጦጦ። ሰው የለም። ቁም ሳጥን የሚያክል ጥቁር ነገር ብቻ አረንጓዴ መብራቶቹን ብልጭ ድርግም እያደረገ ለብቻው ያጉተመትማል። ወደ ኋላ ተመለስኩና ጫማዬን በሩ ላይ አውልቄ በካልሲ ገባሁ።

ወለሉን ጨርሼ ስወጣ አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆማ ጫማዬን ታያለች። ጂንስ ለብሳለች፤ ፀጉሯን ጠቅልላ በእርሳስ ወግታ ይዛዋለች።

«ይሄ ጫማ ያንቺ ነው?»

«አዎ።»

«ለምን አወለቅሽው?»

ቤታችን ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ነው። ጸጥ ያለና ንጹሕ ቦታ ሲገባ ጫማ እንደሚወለቅ ነው የማውቀው። ሰው ሲያናግረኝ ደግሞ ድምፄ ወደ ውስጥ ነው የሚገባው። «የተከበረ ነገር መሰለኝ» አልኩ፣ ወለሉን እያየሁ።

በሳቅ ፈረሰች። «እንኳን ሊከበር፣ ስንት ቀን ነው የረገምኩት! ግን ልክ ነሽ፣ ካሁን በኋላ ሁሉንም ነው የማስወልቃቸው። አቧራው ሊገለኝ ነው።» በነጋታው ከበሩ ጽሑፍ ሥር «ጫማ ያውልቁ» የሚል ተጨምሮ አገኘሁ። የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተሩ ራሳቸው አውልቀው ሲገቡ፣ የግራ ካልሲያቸው አውራ ጣቱ ላይ ቀዳዳ እንዳለው ያየሁት ያኔ ነው።

ሴትዮዋን ዲቢኤ ነበር የሚሏት። ዘበኛችን ስሟ መስሏቸው «ወይዘሪት ዲቢዬ» ይሏት ነበር፤ እሷም አላረመቻቸውም። የዳታቤዝ አስተዳዳሪ ማለት እንደሆነ የነገረችኝ ራሷ ናት። ዳታቤዝ ምን እንደሆነ ስጠይቃት ደግሞ እጄን ይዛ ምድር ቤት ወዳለው ካርድ ክፍል አወረደችኝ። እዚያ የበሽተኛ ካርድ ከወለል እስከ ጣሪያ በየመደርደሪያው ታጭቋል። «ይሄ ሁሉ ካርድ እዚያች ብርዳም ክፍል ውስጥ ሊገባ ነው» አለችኝ። «እኔ የምጠብቀው ሳጥኑን አይደለም፣ ውስጡ ያለውን ነው። እንዳይጠፋ፣ እንዳይደባለቅ፣ የማይመለከተው ሰው እንዳያየው፣ ሲፈለግ ደግሞ ቶሎ እንዲገኝ። በቃ፣ ሥራዬ ይኸው ነው።»

እንዳወራችው ቀላል ግን አልነበረም። ያኔ የመድኃኒት ቤቱና የላብራቶሪው መረጃ ቀድሞ ገብቶ ነበር። ጠዋት ስትመጣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወደ ሳጥኑ ሄዳ የትናንቱ ቅጂ በደንብ መወሰዱን ታያለች። መብራት ሲጠፋ፣ ያኔ ደግሞ ሳይጠፋ የሚውልበት ቀን ብርቅ ነው፣ ሳጥኑን ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆየው ባትሪ፣ ዩፒኤሱ፣ ጢጥ ጢጥ ማለት ሲጀምር ከሻይዋ ላይ ብድግ ትልና ደረጃውን እየዘለለች ትወጣለች። ዘበኛው ጄኔሬተሩን እስኪያስነሱ ከላይ ሆና «ጋሼ፣ ኧረ በማርያም!» ስትል ግቢው ሁሉ ይሰማታል። ዓርብ ዓርብ ደግሞ ቅጂውን ሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሳ ትከፍተዋለች። «ቀድቻለሁ ብሎ መተኛት አይቻልም» ትለኛለች። «ሲከፈት ካላየሁት እንዳልቀዳሁት ነው።»

አመሻሽ ላይ ሳሙና የምታክል ዲስክ ከሳጥኑ ነቅላ በሻርፕ ትጠቀልልና ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። ክሊኒኩ ላይ አንድ ነገር ቢደርስ እንኳ ቅጂው ቤቷ እንዲገኝ ነው። ቤቷ ላንቻ ነው። አንድ ቀን እስከ ታክሲው ሸኘኋት። ረዳቱ «ቦርሳውን ከኋላ ልወርውረው እናቴ?» አላት።

«አይ፣ እዚሁ ጭኔ ላይ። ክሊኒክ ነው የያዝኩት።»

«ክሊኒክ?»

«አዎ። ሙሉ ክሊኒክ።»

ረዳቱ ወደ ሾፌሩ ዞረና «ቀስ ብለህ ንዳ፣ ልጅቷን አሟታል» አለው።

ካርዶቹን ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጡ ሁለት ልጆች ተቀጥረው ነበር፤ ኢንኮደር ይባላሉ። አንዱ ባንክ ገባ፣ ሌላዋ አግብታ ሄደች። አንድ ጠዋት ዲቢኤዋ መወልወያዬን ይዤ ባለሁበት መጣች።

«ስንተኛ ክፍል ደርሰሻል?»

«ስድስተኛ።»

«የእጅ ጽሑፍ ማንበብ ትችያለሽ?»

«የሐኪም ካልሆነ።»

«እሱንማ እኔም አልችልም» አለችና ዶክተሩ ዘንድ ይዛኝ ገባች። ዶክተሩ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ከስድስተኛ ክፍል ኢንኮደር?»

«ባለ ዲፕሎማዎቹን አየናቸው ዶክተር፤ ሄዱ። ይቺ ልጅ ማንም ሳይነግራት ጫማዋን አውልቃ የምትገባ ናት።»

ዶክተሩ ካልሲያቸው ትዝ ብሏቸው እንደሆነ እንጃ፣ ትንሽ ፈገግ አሉ። «እሺ፣ እስከ ፋሲካ ትሞክር። ፋሲካ ሲደርስ ካርድ ክፍሉ ፊት ያለው ሰልፍ ካጠረ ወንበሩ የሷ ነው። ካላጠረ ግን ኮምፒውተሩም ይቅርብን፣ እሷም ወደ መወልወያዋ ትመለስ።»

ያን ወንበር ምን ያህል እንደፈለግሁት ለማንም አልተናገርኩም። በረኪና የጣቶቼን ቆዳ ልጦት ነበር፤ ግን እሱ ብቻ አይደለም። ወንበሩ ያለው ከመስታወት ጀርባ ነው። ሰው መሐል ሆኜ ሰው የማያፈጥብኝ ቦታ በሕይወቴ ያገኘሁት እሱን ብቻ ነው። እናቴ ደግሞ በዚያኑ ቀን ማታ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ኮምፒውተር ላይ ናት» ብላ አዳርሳ ነበር። ከዚያ በኋላ መወልወያ ይዞ መመለስ እንዴት ይሆናል?

ዲቢኤዋ መተየብ አስተማረችኝ። ትምህርት ቤት ሳልገባ በፊት ፊደል የቆጠርኩት ቂርቆስ ግቢ ውስጥ የኔታ ዘንድ ነው፤ በስንደዶ አንድ በአንድ እየነኩ ያስቆጥሩን ነበር። እሷ ደግሞ እርሳሱን ከፀጉሯ መዝዛ ቁልፎቹን ትነካልኛለች። አንዱ ፊደል ከሁለት ቁልፍ ይወለዳል። «ለ»ን ፈልጌ «ልልልል» ሲመጣብኝ አትቆጣም፤ «እልል በይ እንጂ፣ መጣልሽ!» ትላለች። አንድ ነገር ብቻ ያናድዳት ነበር።

«አንቱ አትበይኝ! በስንት ዓመት ብበልጥሽ ነው?»

«እሺ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ኧረ አምላኬ!» ትልና ጭንቅላቷን ጠረጴዛው ላይ ትደፋለች። አንቺ ማለት አልቻልኩም። አፌ ላይ ይመጣና ይመለሳል።

ሥራው ሲገባኝ ወደድኩት። ስክሪኑ ላይ ሦስት ሳጥን አለ፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ከሥሩ ዕድሜ፣ አድራሻ፣ የካርድ ቁጥር። ካርድ አነሣለሁ፣ እተይባለሁ፣ አስቀምጣለሁ። የቂርቆስ ጎረቤቶቼ ካርድ ሲደርሰኝ የማውቀው ሰው ቤት የገባሁ ይመስለኝና ቀስ ብዬ ነበር የምጽፈው። ገናም ጥምቀትም አለፈ፣ ካርዱ አለቀ።

መስኮቱ የተከፈተው ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት አንድ ሰኞ ነው። ሁለት መስኮት ጎን ለጎን። በአንዱ የካርድ ክፍሏ እትዬ፣ ኮምፒውተሩ ከመጣ ጀምሮ ያኮረፉ፣ አፋቸው የሰላ፣ ሽርጣቸው ሁልጊዜ ንጹሕ የሆነ ሴት። በሌላው እኔ፣ ከኋላዬ ዲቢኤዋ ቆማ። የመጀመሪያዋ ታካሚ በዕድሜ ገፋ ያሉ እናት ነበሩ። ስማቸውን ነገሩን፣ ዲቢኤዋ ራሷ ጻፈችው። «አልተገኘም» አለ ስክሪኑ። ደግማ ጻፈች። አልተገኘም።

እትዬ ከጎን መስኮት አንገታቸውን አስግገው «ምን አለች ኮምፒውተሯ?» አሉ።

«ትንሽ ጠብቂ እያለች ነው እትዬ» አለች ዲቢኤዋ።

«አላውቃቸውም ብላለች በይኝ። እኔ ግን አውቃቸዋለሁ፣ ደም ግፊት ናቸው።»

«እትዬ! የሰው በሽታ አደባባይ ላይ አይጠራም!»

«ታዲያ እሳቸው አያውቁትም እንዴ?» ሴትዮዋም «አውቃለሁ ልጄ፣ አውቃለሁ» አሉ። ሰልፉ ላይ የነበረው ሰው ሳቀ።

ሁለተኛዋም አልተገኙም። ሦስተኛዋም። ዲቢኤዋ ከወንበሬ በቀስታ ገፋ አድርጋኝ ተቀመጠችና ማሽኑን የሁሉንም ታካሚ የመጀመሪያ ስም በተራ እንዲደረድር አዘዘችው። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች ሞላ። ወ/ሮ። ወ/ሮ። ወ/ሮ። ወ/ሮ። ወደ ታች ብትወርድም ወ/ሮ።

ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለችና «ይቺ ወይዘሮ የምትባል ሴትዮ» አለች፣ «ስንት ጊዜ ነው የታመመችው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«አንቺ ምን?»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት። ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ባዶ ስማቸውን መጻፍ... ከበደኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈራችንን ሴትዮ፣ እናቴ እንኳ «እማማ» ሳትል የማትጠራቸውን፣ ስማቸውን ብቻ አንጠልጥዬ የምጽፈው በምን አንጀቴ ነው? በመጀመሪያው ሳጥን «ወ/ሮ» አልኩ፣ በሁለተኛው ስማቸውን፣ በሦስተኛው አባታቸውን። አያት ቦታ አጣ። ሌሎቹ ደግሞ እንደየአገባባቸው፦ አቶ፣ ጋሼ፣ ቄስ፣ ሐጂ፣ ሻምበል፣ እማማ። ወጣቶቹን ብቻ ነው በስማቸው የጻፍኳቸው።

ዲቢኤዋ ስክሪኑን ወደ ታች ስትስብ «እማማ» የሚለው ጋ ደረሰች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያለቀሰች መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ ሳቅ አፍኗት ነው። እትዬም መስኮታቸውን ትተው መጥተው አዩና ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። «የኔ ልጅ» አሉኝ እንባቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ፣ «ኮምፒውተሯን ሥርዓት አስተማርሻት!»

ከሰዓት በኋላ ሁለታችን ብርዳሙ ክፍል ውስጥ በካልሲ ቁጭ አልን። «መጀመሪያ ቅጂ» አለች። «ሳልቀዳ አንዲት ፊደል አልነካም።» ቀዳች። ከዚያ ሁለት ሦስት መስመር ትእዛዝ ጻፈች፣ አንብባ ጨረሰች፣ እንደገና አነበበች፣ ቁልፉን ተጫነች። ዓይኔን ሳልከድን ወይዘሮዎቹ ሁሉ ጠፉ። ስሞቹ ወደየቦታቸው ተመለሱ። ስንት ቀን የለፋሁበት በአንድ ትንፋሽ ተስተካከለ። ግን የሰፈሩ እናቶች በሙሉ ነጠላቸውን የተገፈፉ ነው የመሰለኝ። ፊቴን አይታ «ለኮምፒውተር ሰው ሁሉ እኩል ነው፤ አያከብርም፣ አይንቅም» አለችኝ። የጎደለውን የአያት ስም ከካርዶቹ እያየሁ እኔው ሞላሁት።

አሁን ስሙ እንደተጻፈ ይገኛል። ያለቀልኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ከተገኘ በኋላ መጠራት አለ።

አሠራራችን እንዲህ ነው፦ ታካሚው ስሙን ነግሮን ይቀመጣል፣ እኛ መረጃውን ለሐኪሙ እንልክና ተራው ሲደርስ በመስታወቱ ቀዳዳ ጮክ ብለን እንጠራዋለን። ስክሪኑ የሚያሳየኝ ስም ከነአባት ነው፤ ሌላ የለም። ጡረታ የወጡ አንድ ሻምበል ነበሩ፣ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ፣ ከዘራቸውን እንደ ጠመንጃ ጎናቸው የሚያቆሙ። ተራቸው ደረሰ። ስማቸውን ጠራሁ። ድምፄ ከመስታወቱ መውጣቱን እንጃ፤ እሳቸው ግን ሰሙ። ተነሥተው መጡ።

«ማነሽ አንቺ? አብሬሽ አፈር ፈጭቻለሁ?»

እትዬ ከጎን ሆነው «ይቅር ይበሏት ሻምበል፣ ኮምፒውተሯ ናት ያሳሳተቻት» አሉ። ሻምበል ኮምፒውተሩን በከዘራቸው ጫፍ እያመለከቱ «እሷም ትታረም!» ብለው ገቡ።

ከዚያ ወዲህ አልጠራሁም። ተራቸው የደረሰው ትልቅ ሰው ሲሆኑ ከወንበሬ እነሣለሁ፣ በጎን በር እወጣለሁ፣ መጠበቂያው ውስጥ ሄጄ ጎንበስ ብዬ ጆሯቸው ላይ «እማማ፣ ተራዎ ደርሷል» እላለሁ። ተመልሼ እቀመጣለሁ። ለሚቀጥሉት ደግሞ እነሣለሁ። ማሽኑ በቅጽበት ያገኛቸውን ሰዎች እኔ በእግሬ ፈልጌ ነበር የማስገባቸው። ሰልፉ አላጠረም። እንዲያውም ረዘመ። ጾሙ እየተጋመሰ ሄደ።

ዶክተሩ በኮሪደሩ ሲያልፉ ሰልፉን ያዩና «ፋሲካ እየመጣ ነው» ብለው ያልፋሉ። ዲቢኤዋ ጥፋቱን ማሽኑ ላይ ትፈልገዋለች። ፍለጋውን ታፈጥናለች፣ ትለካለች፣ ለስሞቹ ማውጫ ትሠራለች። «እትዬ መደርደሪያው ላይ ሀ፣ ለ ብለው የለጠፉት ወረቀት አለ አይደል? እንደሱ ነው፤ ማሽኑ ሁሉንም ካርድ እያገላበጠ እንዳይፈልግ» ብላ አስረዳችኝ። ፈጣን ነበር፣ ይበልጥ ፈጠነ። ሰልፉ ግን እዚያው ነው። እኔ ለምን እንደሆነ መናገር አልቻልኩም። መጥራት አልችልም ብዬ እንዴት እነግራታለሁ? መጥራት የማትችል ሰው መስኮት ላይ ምን ትሠራለች?

አንድ ጠዋት ዲቢኤዋን ላያት አልቻልኩም። ላይ የለችም፣ ከኋላዬም የለችም። ለካ ነጠላ ተከናንባ መጠበቂያው ውስጥ ከታካሚዎቹ መሐል ተቀምጣለች። አጠገቧ ያሉት እናት «አንቺንስ ምንሽን ነው ልጄ?» ብለው ሲጠይቋት ሰማሁ።

«ሰልፉ ነው ያመመኝ እናቴ።»

«እሱስ ሁላችንንም ነው» አሉ።

እኔ እወጣለሁ፣ እገባለሁ። ስወጣ ታየኛለች። ጥቂት ከቆየች በኋላ መስታወቱ ጋ መጣች።

«የት ነው የምትመላለሺው?»

«ልጠራቸው።»

«እዚህ ሆነሽ አትጠሪም?»

«ባዶ ስማቸውን?» አልኳት።

እርሳሷን ከፀጉሯ መዘዘች። እንደዚያ ስታደርግ አንድ ነገር ገብቷታል ማለት ነው። «እኔ የማሽኑን ፍጥነት ስለካ ከረምኩ» አለች። «አንቺ ደግሞ በእግርሽ ስትሮጪ ከርመሻል። ሦስት ሳጥን ሠርቼ ለማዕረግ ቦታ አልተውኩም። አራተኛ ሳጥን ያስፈልገናል፤ ለፍለጋ የማይነካ፣ ለመጥራት ብቻ የሚታይ።»

በምሳ ሰዓት የእትዬን ሽሮ ከበን የማዕረጉን ዝርዝር አወጣን። ዲቢኤዋ አጭር እንዲሆን ትፈልጋለች። «አቶ፣ ወይዘሮ፣ ወይዘሪት። በቃ።»

«ሐጂስ?» አሉ እትዬ። «ሐጂን አቶ ልትይ ነው? ሼኩንስ?»

«እሺ፣ ሐጂ፣ ሼክ።»

«ቄስ» አልኩ እኔ። «ሻምበል።»

«ሻምበልንማ ቀድመሽ ጻፊ፣ ከዘራው ይመጣል!» አሉ እትዬ።

ዘበኛው ከበሩ ላይ ሆነው «ግራዝማች የሚባሉ አሉ፣ ቶታል አካባቢ የሚኖሩ» አሉ። ዲቢኤዋ ጉርሻዋን ዋጠችና «አሁንም ግራዝማች አለ?» አለች። «አንድ ቀርተዋል» አሉ ዘበኛው። ለአንድ ግራዝማች አንድ መስመር ተጨመረ። ዝርዝሩ ከእንጀራው በላይ ሊረዝም ሆነ። ሌላ ማዕረግ ሲመጣ ማን ይጨምር የሚለው ላይ ግን ዲቢኤዋ ጠበቅ አለች። «ለሁሉም ከከፈትኩት የፈለገ የፈለገውን ይከታል፣ ነገ ደግሞ ‹የኔ ቆንጆ› የሚል ማዕረግ አገኛለሁ። አንድ ሰው ብቻ ነው ፈቃድ የሚኖረው።» ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ። ለሰው ማዕረግ ከአንቺ በላይ የሚጨነቅ እዚህ ቤት የለም።»

በዚያች ክሊኒክ ውስጥ ዶክተሩ እንኳ የሌላቸው ፈቃድ ነበረኝ። ለእናቴ ነግሬያት አልገባትም፤ ለጎረቤት ግን አዳረሰችው።

ሻምበል ለቀጠሯቸው ሲመጡ አራተኛው ሳጥን ሞልቶ ነበር። ስክሪኑ ላይ ከነማዕረጋቸው ተጽፈው አየኋቸው። ወደ ቀዳዳው ጠጋ አልኩ። «ሻምበል» አልኩ፤ ቃሉ ራሱ ድምፄን ይዞት ወጣ። ስማቸውን ከነአባታቸው አስከተልኩ።

«አቤት!» አሉ ሻምበል፣ እንደ ወታደር ቀጥ ብለው ተነሥተው። ሰው በሳቅ ፈነዳ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ በመስታወቱ ሲያልፉ ከዘራቸውን ከፍ አድርገው «እንዲህ ነው እንጂ!» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ? ሐጂ፣ እማማ፣ ቄስ፣ ወይዘሮ፣ አንድ በአንድ ጠራኋቸው፤ አንድ በአንድ «አቤት» አሉኝ። ከወንበሬ አልተነሣሁም።

በሕማማት ሳምንት ዶክተሩ በኮሪደሩ ሲያልፉ ቆሙ። ግራና ቀኝ አዩ። «ሰልፉ የት ሄደ?»

«ተጠርቶ አለቀ» አሉ እትዬ። ይሄን ያሉት እሳቸው መሆናቸው እስከ ዛሬ ያስቀኛል። ዶክተሩ እኔን አዩኝና «እንግዲህ ለመወልወያው ሌላ ሰው ይፈለግለት» ብለው ደረጃውን ወጡ። ዲቢኤዋ ከኋላዬ ትከሻዬን ጨመቅ አደረገችኝ። የዚያን ዓመት ፋሲካ እናቴ ዶሮውን ስትበልት ለኮምፒውተር ሠራተኛ የሚገባው ብላ ፈረሰኛውን ለኔ አስቀመጠችልኝ።

ጥቂት ዓመታት እንዲህ ሄዱ። ከዚያ አንድ ቀን ዲቢኤዋ መረጃው ወደ ደመና ሊሄድ ነው አለችን። እትዬ ደነገጡ። «ክረምት ሲመጣ ሊዘንብብን ነው?»

«ስሙ ነው እንጂ መሬት ላይ ነው እትዬ። ሌላ ቦታ ያለ ትልቅ ማሽን ተከራይተን እዚያ ይቀመጣል። የሚጠብቁት ሌሎች ናቸው።»

«አንቺስ?»

መልሱ የመጣው ሳጥኑ በወጣ ዕለት ነው። ጥቁሩ ሳጥን በአራት ሰው ሸክም ሲወርድ ደረጃው ላይ ቆማ አየችው። አመሻሽ ላይ ቦርሳዋ ባዶ ነበር። ሻርፑን አውጥታ አንገቷ ላይ ጣል አደረገችው፤ ሻርፕ ሆኖ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ታክሲ እስኪመጣ አብረን ስንቆም «ፈርቼ ነበር» አለችኝ። «ማሽኑ ሲሄድ እኔም የምሄድ መስሎኝ። ግን እዚያ መጠበቂያ ውስጥ ከተቀመጥኩ ወዲህ ሥራዬ ተለውጦ ነበር፤ እኔ ነኝ ያላስተዋልኩት። ቅጂውን አሁን ማሽን ለራሱ ይቀዳል። ሰው ምን ብሎ መጠራት እንደሚፈልግ ግን ሄዶ ካልጠየቁት አይገኝም።» ሰንጋ ተራ ካሉት አዳዲስ ሕንፃዎች በአንዱ ቢሮ ሥራ አገኘች። ከአንድ ጠረጴዛ ሆና የብዙ ክሊኒኮችን መረጃ ትመራለች፤ ግማሹን ቀን ግን በየክሊኒኩ ሰልፍ ላይ ነው የምትውለው አሉ።

ብርዳሟ ክፍል የመርፌ ክፍል ሆነች። «ጫማ ያውልቁ» የሚለውን ወረቀት ያነሣው ስለሌለ ታካሚዎች እስከ ዛሬ ጫማቸውን አውልቀው ነው መርፌ የሚወጉት። ነርሷ ለምን እንደሆነ ጠይቃኝ «ደንብ ነው» አልኳት።

ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት ከመስኮቱ ማዶ በጉንፋን የተዘጋ ድምፅ «እንደምን አደርሽ?» አለኝ። ቀና ስል እሷ ናት፤ ያው ጂንስ፣ ያው እርሳስ ፀጉሯ ላይ፣ አፍንጫዋ ቀልቷል። ስሟን መፈለግ አላስፈለገኝም፤ ለሙከራ ብላ በገዛ እጇ ያስገባችው የመጀመሪያው ታካሚ እሷው ነበረች። «ይቀመጡ፣ እጠራዎታለሁ» አልኳት። «አሁንም አንቱ!» ብላ እያስነጠሰች ሄደች።

የሷን መረጃ ከፈትኩ። የማዕረጉ ሳጥን ባዶ ነው። ለሰው ሁሉ ቦታ ስታበጅ የራሷን ሳትሞላ ሄዳለች። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየሁት። ወይዘሪት አነሰኝ። ፈቃዴ እስካሁን አለኝና አንድ መስመር ጨመርኩ።

ተራዋ ሲደርስ ወደ ቀዳዳው ጠጋ አልኩ። «የኔታ» ብዬ ጮክ አልኩ፣ ስሟን ከነአባቷ አስከተልኩ።

ሰው ሁሉ ዞረ። ጥምጣም የጠመጠሙ፣ ጭራ የያዙ ሽማግሌ ነበር የሚጠብቁት። ከጥግ ያቺ ባለ ጂንስ ሶፍት በእጇ ይዛ ቀስ ብላ ተነሣች። መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ፊቷ ከአፍንጫዋ ይበልጥ ቀላ። መስታወቱ ጋ ደርሳ ጎንበስ አለች።

«ይሄ ማዕረግ ዝርዝሩ ውስጥ የለም።»

«አለ» አልኳት። «ፈቃዱን የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ።»

አንቺ ማለቴን የሰማሁት ካልኩት በኋላ ነው። እሷም ሰማች። «አቤት» አለች፣ እየሳቀች፣ እያስነጠሰች፣ ወደ ሐኪሙ ክፍል ገባች።